ካንገንሳይ የሚከበረው ባሕሩ ሲሞላ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ጃፓን ደሴቶች የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ስለዚያ አገር እምነትና ሥርዓት በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ስለሆነ ለጸሐፊው ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ይሁን እንጂ ከሂሮሺማ ከተማ ብዙም ስለማትርቀው ስለ ሚያጂማ ደሴትና ስለ ኢትሱኩሺማ ቤተ መቅደስ በተጻፈው ክፍል፣ ካንገንሳይ የተባለው ዓመታዊ በዓል ከሰዓት በኋላ ታይቶ የሚያልቅ የጀልባ ትዕይንት ተደርጎ መቅረቡ ቅር አሰኝቶኛል። በሂሮሺማ በተማርኩበት ጊዜ በዓሉ ላይ ተገኝቼ ስለነበር፣ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስቡ አንባቢዎች የበዓሉ ዋና ክፍል ሳይጀመር እንዳይመለሱ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ቤተ መቅደሱ በባሕር ላይ የተሠራበትን ምክንያት ያላወቀ ሰው በዓሉንም ሊረዳው አይችልም። ደሴቲቱ ራሷ ከጥንት ጀምሮ እንደ ቅዱስ ስፍራ ስለምትከበር፣ በአፈሯ ላይ ከመገንባት ይልቅ ባሕሩ እየሞላና እየሸሸ በሚመላለስበት ዳርቻ ላይ ምሰሶ አቁመው ሠሩት። በቀደመው ዘመን በደሴቲቱ መውለድም ሆነ መሞት የተከለከለ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን መቃብር የለባትም። ቤተ መቅደሱን አሁን የምናውቀውን ሰፊ መልክ ያስያዘው በ1168 የጦር መሪው ታይራ ኖ ኪዮሞሪ ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፊቱ ባሕሩ ውስጥ የቆመው ቶሪ የሚባለው ቀይ በር ደግሞ በ1875 የተሠራ ሲሆን፣ ቁመቱ 16 ሜትር፣ ክብደቱም 60 ቶን ገደማ ነው። ዋና ምሰሶዎቹ ከካምፎር ዛፍ የተሠሩ ናቸው፤ እግሮቹ በባሕሩ ወለል ውስጥ አልተቀበሩም፣ በገዛ ክብደቱ ብቻ ቆሟል። ጎብኚው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ይህንኑ በር ነው፤ ስለ በሩ የተጻፈውም ትክክል ነው።

ካንገንሳይን በተመለከተ ግን ጽሑፉ ዋናውን ነገር አልፎታል። በዋና ከተማው፣ በዛሬዋ ኪዮቶ፣ መኳንንቱ በኩሬ ላይ ጀልባ አንሳፍፈው የቤተ መንግሥቱን ሙዚቃ ያሰሙ ነበር። ኪዮሞሪ ይህን ልማድ ወደ ሚያጂማ አምጥቶ በቤተ መቅደሱ ለሚመለኩት ሦስት እንስት አማልክት የሚቀርብ ሥርዓት አደረገው። ስለዚህ ዋሽንቱ፣ ክራሩን የሚመስለው ቢዋና ከበሮው የሚሰሙት ለእነርሱ ክብር ነው፤ በዳርቻው የተሰበሰበው ሰው ታዳሚ እንጂ ሙዚቃው የተዘጋጀለት ተመልካች አይደለም። ቀኑም በጨረቃ አቆጣጠር የስድስተኛው ወር 17ኛ ቀን ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በ2023 ኦገስት 3፣ በ2024 ጁላይ 22፣ በ2025 ደግሞ ጁላይ 11 ላይ ውሏል። ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት በእነዚያ ቀኖች ባሕሩ ሲሸሽም ሆነ ሲሞላ እጅግ ስለሚበረታ፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቀኑ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ ታላቁ ጀልባ እስከ ቤተ መቅደሱ መተላለፊያዎች ድረስ መግባት የሚችለው ባሕሩ በሚገባ ሲሞላ ነውና።

ሦስት ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው እንደ አንድ በሚሆኑበት በዚህ መርከብ ላይ የአማልክቱ ማደሪያ፣ ካህናቱና ሙዚቀኞቹ ይሳፈራሉ። ከሰዓት በኋላ ከቶሪው ተነሥቶ ባሕሩን በመሻገር ከደሴቲቱ ትይዩ በዋናው ምድር ወዳለው ጂጎዘን ቤተ መቅደስ ይሄዳል፤ ከመሸ በኋላ በናጋሃማና በኦሞቶ ቤተ መቅደሶች በኩል ዞሮ ይመለሳል። የሚጎትቱት የኤባና የአጋ መንደሮች ጀልባዎች ናቸው። በ1701 ማዕበል ተነሥቶ መርከቡ ሊሰጥም ሲል ከእነዚህ ሁለት መንደሮች የመጡ ሰዎች ስላዳኑት፣ የመጎተቱ ክብር እስከ ዛሬ የእነርሱ ሆኖ ቀርቷል። ከ300 ዓመት በላይ የቆየ ውለታ በየዓመቱ በመቅዘፊያ ሲታደስ ማየት ለእኔ ከቀዩ በር የበለጠ የሚደነቅ ነገር ነው።

ወደ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ መርከቡ በታላቁ ቶሪ ሥር አልፎ፣ በመተላለፊያዎቹ መካከል ወዳለው ጠባብና አራት ማዕዘን የውኃ ክፍል ይገባል። እዚያም በቦታው ላይ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የቆምሁት ከመተላለፊያው ጠርዝ ብዙም ሳልርቅ ስለነበር፣ የመርከቡ አፍንጫ የወለሉን ጠርዝ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ሰዎቹ ተጯጩኸው ሲያቀኑት፣ በጎኑ የተሰቀሉት ፋኖሶች አብረው ሲወዛወዙ፣ ሙዚቀኞቹ ግን በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ዜማውን ሳያቋርጡ ሲቀጥሉ አይቻለሁ። ውኃው ከወለሉ ሳንቃዎች ሥር ሲንቦጫረቅ ይሰማል። የቀን ጎብኚ ግን ይህን ሁሉ አያይም፤ እርሱ በሚመጣበት ሰዓት ባሕሩ ሸሽቶ ሰው በእርጥቡ አሸዋ ላይ ይመላለሳል፣ ብዙዎችም ወደ ሂሮሺማ የሚመለሱት ራት ሳይደርስ ነው።

በከተራ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ካሜራ ደቅኖ በካህናቱ ፊት የሚገተር እንግዳ ምን ያህል እንደሚያስከፋን እናውቃለን። የሁለቱ በዓላት እምነት ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ነገር ግን ከእንግዳ የምንጠብቀውን ጨዋነት እኛም እንግዳ ስንሆን ልናሳየው ይገባል። አንዳንድ ወገኖቼ በሌላ እምነት በዓል ላይ መገኘት ያሳስባቸው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በነበርሁበት ጊዜ እንድሰግድ ወይም እንዳጨበጭብ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ መንገድ ሳይዘጉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ዳር ቆሞ መመልከት ይበቃል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ጽሑፉን በድረ ገጹ ላይ ሲያስቀምጥ፣ የበዓሉ ቀን በየዓመቱ እንደሚለዋወጥ፣ ዋናው ሥርዓት በሌሊት እንደሚፈጸም፣ ተጓዡም የመጨረሻውን መሻገሪያ ጀልባ ሰዓት አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ወይም በደሴቲቱ ላይ የሚያድርበትን ቦታ በጊዜ እንዲይዝ የሚገልጽ ማስታወሻ እንዲጨምርበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ