«ሺፕ» በግ ነው መርከብ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ነው። ብርዱ እንደምታውቁት ነው።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባ። ከመሐል ሜዳ መጥቶ እኔ ዘንድ ነው የሚማረው። ዘጠነኛ ማለት እንግዲህ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ክፍል ነው። አስተማሪው በየሳምንቱ 40 ቃል ከነትርጉሙ ያስጽፋቸውና አርብ አርብ ይፈትናቸዋል። ልጁ 40 ከ40 ያመጣል። ሰኞ ብትጠይቁት ባዶ!

አንድ ቀን ደብተሩን ሳገላብጥ «ማሩን» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አየሁ። ፊት ለፊቱ «መተው» ተብሎ ተጽፏል። እስቲ ዓረፍተ ነገር ሥራበት አልኩት። አሰበ አሰበና «አባቴ በጉን ገበያ ላይ ማሩን አደረገው» የሚል እንግሊዝኛ ጻፈልኝ። በጉ አልሸጥ ብሎ ለጎረቤት ትቶት መጣ ለማለት ነው። ሳቄ መጣ። ግን ደብተሩ መተው ነው ካለው እሱ ምን ያድርግ?

ቃሉን እኔ የማውቀው ከ«ትሬዠር አይላንድ» ነው። የስኮትላንዱ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በፈረንጆች 1883 በመጽሐፍ ያወጣው፣ የባሕር ወንበዴና የተቀበረ ሀብት ታሪክ። በቀላል እንግሊዝኛ አጠር ተደርጎ የተዘጋጀውን ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዛሁና ማታ ማታ ጮክ ብዬ አነብለት ጀመር።

የመጀመሪያው ማታ፣ ባለጠጋው ሰውዬ ብሪስቶል ሄዶ ሺፕ ገዛ የሚለው ቦታ ስደርስ፣ ልጁ «ጋሼ፣ በጉ ለስንቅ ነው?» አለኝ። ለመንዝ ልጅ ሺፕ በግ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው! አማርኛችን አጭሩንና ረጅሙን ድምፅ አይለይም። ከዚያ ማታ ወዲህ ግን በጉን ሳብ፣ መርከቡን ቁርጥ አድርጎ ይጠራቸዋል።

ቀጥሎ የፖም በርሜሉ መጣ። ጂም የሚባለው ልጅ ፖም ፈልጎ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል የመርከቡ ወጥ ቤት ሲልቨር ከሌሎቹ ጋር የሚዶልተውን ይሰማል። እንግሊዝኛው «ኦቨርሂር» ነው። የእህቴ ልጅ «ጆሮ ጠቢ ነዋ!» አለ። አይደለም፣ ጆሮ ጠቢ ሊሰማ ብሎ ይሄዳል፤ ጂም የሄደው ለፖም ነው፣ ወሬው ነው መጥቶ ጆሮው ውስጥ የገባው አልኩት። ደጃችን ያለውን የውሃ በርሜል በመስኮት አየት አደረገና «እዚያ ብገባ እርስዎና እትዬ ስትጨቃጨቁ ኦቨርሂር አደርጋለሁ ማለት ነው?» አይለኝም! ገብቶታል።

የተዶለተው ደግሞ «ሚውቲኒ» ነበር። ደብተሩ «አመፅ» ብሎ አልፎታል። አመፅማ ስንቱ ነገር አመፅ ነው። ይሄኛው መርከበኛ ወይም ወታደር በገዛ አለቃው ላይ ሲነሳ ነው። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች በምግብና በውሃ ተማረው አለቆቻቸው ላይ የተነሱበትን ነገርኩት። በዚያው ታሪክም ተማረ።

የሲልቨር በቀቀን «ፒሰስ ኦቭ ኤይት!» እያለች ትጮሃለች። ቃል በቃል ብትተረጉሙት «የስምንት ቁራጮች» ይመጣላችኋል፣ ትርጉም የለውም። 8 ሪያል የሚያወጣ የስፔን የብር ሳንቲም ነው። ልጁ የገባው አያቱ አንገት ላይ ያለውን፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን ጠገራ ብር ሳስታውሰው ነው።

ሁሉም ቃል ይጠና አልልም። የሸራውንና የገመዱን ስም ዘለልነው። ሮቢ ወንዝ ላይ ሸራ አንወጥር!

በመጨረሻ ቤን ገን ጋ ደረስን። 3 ዓመት ሙሉ ደሴት ላይ ብቻውን ጥለውት የሄዱት፣ የተጠበሰ አይብ በሕልሙ የሚያይ ምስኪን። ማሩን ይሄ ነው። «እና የአባትህ በግስ?» አልኩት። «ዙሪያው ባሕር የለም፣ ደግሞ ጎረቤት አለው» አለና ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ሰረዘው።

አስተማሪውን አልወቅስም፤ ክፍሉ በልጅ ጢም ብሏል። እናንተን ግን ልለምናችሁ። በሳምንት ሩብ ገጽ ብትሰጡን፣ እንዲህ ካለ የቆየ ታሪክ አንድ ቁራጭ በቀላል እንግሊዝኛ አውጥታችሁ፣ ከሥሩ አምስት ቃል ብቻ እኛ በምናውቀው ነገር ብታብራሩልን። ስቲቨንሰን የሞተው በፈረንጆች 1894 ነው፣ የቅጂ መብት ብሎ የሚከሳችሁ የለም። ቦታ ጠበበን ካላችሁ ያንን ገጽ ሙሉ የሚይዘውን የ«እንኳን ደስ አላችሁ» ማስታወቂያ ትንሽ አሳንሱት።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን