ግማሹን ተረትቻለሁ

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ?

ዝምታዬን በሥራ ብዛት ላሳብብ ነበር። ተውኩት። እውነቱን ታውቀዋለህ፤ የነዳጅን ዋጋ የሚያናውጠው ማን ነው በሚለው ክርክራችን አኩርፌ ነው። ሰው በነዳጅ ዋጋ ይኮራረፋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኛ ግን ይኸው ተኮራረፍን።

ሰሞኑን "ነዳጅ ጨመረ" ሲባል ስሰማ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። "ሁሉም በነገ ዋጋ ላይ የሚወራረዱ የቁማርተኞች ሥራ ነው" ስትለኝ፣ "መጀመሪያ ኢኮኖሚክስ አንብብ" ብዬ ያሾፍኩብህ እስካሁን ያሳፍረኛል። እና ነገሩን እንደገና አሰብኩበት። ግማሹን ተረትቻለሁ። እሰይ ለማለት ግን አትቸኩል።

ካንተ ወገን ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ድፍድፍ ነዳጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በበርሜል 100 ዶላር ነካ። ያስነካው አንድ ነጋዴ ነበር። ኒው ዮርክ ገበያ ላይ አንዲት የወደፊት ውል፣ ማለትም ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት የሚረከቡት 1,000 በርሜል፣ በርሜሉን በ100 ዶላር ሒሳብ ገዛ። ወዲያው በ600 ዶላር ኪሳራ መልሶ ሸጣት። በታሪክ የመጀመሪያው ለመባል ነው ብለው ብዙዎች አሙት። ዓለም ግን ቁጥሯን ይዞ ሲያወራ ሰነበተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዋጋው ከ147 ዶላር አለፈ፤ ታኅሣሥ ላይ ከ40 በታች ወረደ። በአምስት ወር የሰው ልጅ መንዳት አላቆመም። ታዲያ ይሄ ቁማር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ትለኛለህ።

እኔም እመልሳለሁ። በ1973 የአረብ አገሮች ማዕቀብ ሲጥሉ፣ በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ወደ 12 ተጠጋ። ያኔ ቁማርተኞችህ የት ነበሩ? ኒው ዮርክ የድፍድፍ ነዳጅ የወደፊት ውል ማገበያየት የጀመረው በ1983 ነው። የነዳጅ ጠባዩ ራሱ እንዲህ ነው። ዋጋው ናረ ብሎ ሰው በማግስቱ ሥራ አይቀርም፤ አዲስ ጉድጓድም በአንድ ሌሊት አይቆፈርም። ስለዚህ ትንሽ ጉድለት ትልቅ ዋጋ ታመጣለች፤ ትንሽ ትርፍም ዋጋውን ገደል ትከተዋለች።

ደግሞ ወረቀቱ፣ ማለትም ውሉ፣ ልጓም አለው። ውሉ ቀኑ ሲደርስ እውነተኛ በርሜል ይሆናል። ሚያዝያ 20 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ምን እንደሆነ አስታውስ። ወረርሽኙ ዓለምን ዘግቶ፣ የውሉ ነዳጅ የሚረከብበት ቦታ፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ኩሺንግ ያሉት ማጠራቀሚያዎች ሊሞሉ ተቃርበው ነበር። ውሉን የያዙት ነዳጁን የት ያስቀምጡት? የዕለቱ መዝጊያ ዋጋ ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ሆነ። ውሰዱልን ብለው ከፈሉ! ይህን ሳነብ፣ ልደብቅህ አልችልም፣ ስቄያለሁ።

የተረታሁበት ቦታ ፍርሃቱ ላይ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ነገ ይወደዳል የሚለው ውርርድ ሲበረታ፣ ነዳጅ ያለው ሰው ዛሬ መሸጥ አይፈልግም። በ2009 መጀመሪያ ነጋዴዎች ግዙፍ መርከቦች ተከራይተው ነዳጁን ባሕር ላይ አቆዩት፤ ያኔ የነገው ዋጋ ከዛሬው ይበልጥ ነበርና። የተቀመጠው በርሜል ደግሞ ከዛሬው ገበያ የጎደለ በርሜል ነው። ወረቀቱ ላይ የነበረው ግምት ገበያ የሚወጣውን እውነተኛ ነዳጅ ቀነሰ ማለት ነው። ይህችን አንተ ያኔ ብለኸኛል። አልሰማሁህም።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ገበያው ውስጥ ያሉት ሁለቱም ተወራራጆች አውቀው ነው የገቡት። የሚከፍለው ግን ያልተወራረደው ነው። የጭነት ዋጋ፣ ማዳበሪያ፣ ቲኬት፣ ሁሉም ይከተላል። ዋጋ ሲወጣ እንደ ሮኬት፣ ሲወርድ እንደ ላባ ነው ይላሉ ኢኮኖሚስቶቹ፤ እነሱም አንዳንዴ ቅኔ ይዘርፋሉ።

ከ1979ኙ የነዳጅ ድንጋጤ በኋላ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለመግታት ወለድን 20 በመቶ ገደማ አደረሰው። በዶላር የተበደሩ ድሃ አገሮች ወገባቸው ተሰበረ። በ1982 "ዕዳዬን መክፈል አልችልም" ያለችው ግን ሜክሲኮ ናት። ሜክሲኮ ነዳጅ ሻጭ ናት እኮ! ዋጋው እንደጨመረ ይቀጥላል ብላ ነበር የተበደረችው። ቁማርተኛ ስትል ሁልጊዜ ከረባት ያሰረ ልጅ ነው የሚታይህ። አገርም ይቆምራል፤ መንግሥትም ይቆምራል።

"ይዘጋ" ብለህ ነበር፣ ገበያውን። አየር መንገድ የነገ ነዳጁን ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ መያዝ ቢፈልግ ማን ይዋዋለው? ስጋቱን የሚሸከምለት ያ አንተ የምትሰድበው ሰው ነው። ደግሞ አሜሪካ አንዴ ሞክራዋለች፣ በሽንኩርት። ሁለት ነጋዴዎች ገበያውን ተቆጣጥረው ገበሬውን ስላከሰሩ፣ በ1958 የሽንኩርት የወደፊት ውል በሕግ ተከለከለ። እስከ ዛሬ እንደተከለከለ ነው። የሽንኩርት ዋጋ ግን መዝለሉን አልተወም።

እስቲ ይህን መልስልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፍ፤ ዝምታው ሰለቸኝ።

ያው ግትሩ ወዳጅህ