የፕሩዶንን ንድፎች አይተሻቸው ታውቂያለሽ?

ይድረስ ለምወድሽ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም፤ ሥራው፣ ኑሮው፣ "ነገ እጽፍላታለሁ" ማለቱ እየተደራረበ ነው። አሁን ግን ላንቺ ሳልነግር የማላልፈው ነገር ገጠመኝ። ሰሞኑን የፒየር ፖል ፕሩዶንን የሰው ገላ ንድፎች እያየሁ ነው። ካንቺ ሌላ ከማን ጋር ላውራው?

ፕሩዶን እ.ኤ.አ. በ1758 ክሉኒ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የተወለደ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነው። ዲዦን በምትባል ከተማ ተማረ፤ ቀጥሎም ሮም ሄዶ ጥቂት ዓመታት ተቀመጠ። ልቡን የወሰዱት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺና ኮሬጂዮ ናቸው፤ ጥላቸው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ሰዓሊዎች። ዘመኑ ግን የሰዓሊው የዣክ ሉዊ ዳቪድ ነበር። የሚወደደው ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ሐውልት ሐውልት የሚል አሳሳል ነው። ፕሩዶን በዚያ ሁሉ መሃል ለስላሳነቱን አልተወም። በሕይወቱ ሳለ ሰሚ አጣ ማለቴ አይደለም። የናፖሊዮንን ሚስት እቴጌ ጆሴፊንን ስሏል። ፍትሕና መለኮታዊ በቀል ወንጀልን ሲያሳድዱ የሚያሳየው የ1808 ትልቅ ሸራውም ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። አሁን ግን ስለዚያ ዘመን ሲወራ ዳቪድ ይባላል፣ አንግር ይባላል፣ ፕሩዶን ይዘለላል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

አንዱ ምክንያት ቀለሙ ይመስለኛል። በሸራዎቹ ላይ ቢትዩመን የሚባል ሬንጅ መሰል ቡናማ ቀለም ይጠቀም ነበር። ይሄ ቀለም በደንብ አይደርቅም። እያደር ይጠቁራል፣ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ሸራውን ብቻ አይቶ የሚፈርድበት ሰው የተበላሸ ነገር አይቶ ነው የሚፈርደው። ንድፎቹ ይሄ ጣጣ የለባቸውም።

ሰማያዊ ወረቀት፣ ጥቁር ጠመኔ፣ ነጭ ጠመኔ። በቃ፣ ይኸው ነው። መካከለኛው ድምቀት ወረቀቱ ራሱ ነው። በጥቁሩ ወደ ጨለማው ይወርዳል፤ በነጩ ወደ ብርሃኑ ይወጣል። መጀመሪያ ጠመኔውን አሽቶ ያለሰልሰዋል። ከዚያ በላዩ ላይ በቀጫጭን መስመሮች ይመለስበታል፤ መስመሮቹም የገላውን ቅርጽ ተከትለው ይሄዳሉ። ጠጋ ብለሽ ስታዪው መስመር ብቻ ነው። ራቅ ስትዪ ቆዳ ይሆናል፣ ያውም ከውስጡ የሚበራ ቆዳ። ብርሃኑ ከውጭ የመጣ አይመስልም። እኔን እጄን አፌ ላይ ያስጫነኝ ይሄ ነው።

የብዙዎቹ ወረቀት ሰማያዊነቱ ደብዝዞ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ቡናማ ሄዷል። ቢሆንም ገላው አልደበዘዘም።

ሌላም አለ። በዚያን ጊዜ እርቃን ሞዴል እያዩ መንደፍ ዋናው የተማሪ ሥራ ነበር። ብዙዎቹ ስማቸው ከተጠራ በኋላ ይተውታል፤ ፕሩዶን ግን ካረጀ በኋላም ከሞዴል ፊት አልጠፋም። ለዚህ ይመስለኛል በንድፎቹ ውስጥ "እዩኝ፣ እችላለሁ" የሚል ነገር የማላይበት። ሞዴሉ ሰው ነው። ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ ሲቆም፣ ዳሌው ዘንበል ሲል፣ ትከሻው ሲደክም ይታወቅሻል። ሰዓሊው ዴላክሯ በ1846 ስለ እሱ አንድ ሙሉ ጽሑፍ መጻፉ አይገርመኝም።

ሁሉንም ወደድኩለት አልልሽም። ክንፍ ያላቸው ሕፃናቱ ለኔ ጣፋጭነታቸው በዛ። ከነሱ ይልቅ ምንም ታሪክ የሌለበት፣ ዝም ብሎ የቆመ አንድ ሰው ይበልጥብኛል።

እባክሽ ጊዜ ስታገኚ ከ1801 ገደማ የሆነውን "ምንጭ" የሚባለውን ፈልጊው። የተቀመጠች ሴት ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ክላርክ የጥበብ ተቋም ነው ያለው። ምስሉን አጉዪውና መጀመሪያ ፊቷን ተዪው። ጥላው ወደ ብርሃን የሚሻገርበትን ቦታ ብቻ እዪ። ነጩ ጠመኔ የት እንደቆመና ወረቀቱ ባዶውን የት እንደቀረ ፈልጊ።

አንቺስ አሁንም ትነድፊያለሽ? ያኔ ጥላ ሁሌ እንደሚያስቸግርሽ ትነግሪኝ ነበር። ባለቀለም ወረቀት ግዢና በሁለት ጠመኔ ሞክሪው። የሠራሽውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ያላለቀም ቢሆን ላኪው። ስለ ኑሮሽም፣ ስለ ቤተሰቡም ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

የዘወትር ወዳጅሽ