ስኳሩን ቅጠሉ ይሠራዋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ሰዉ ሁሉ «ቆርጠህ ለተከልከው ቅርንጫፍ ስኳር በጥብጠህ አጠጣው፣ ሥሩ ቶሎ ይወጣል» እየተባባለ ነው። ክረምት መጣ፣ የተከላ ጊዜ ደረሰ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም አምኜ ሞክሬው ነበር።

አምና 12 የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጠል ትቼ አሸዋና ኮምፖስት ላይ ተከልኩ። ስድስቱን ስኳር ውሃ፣ ስድስቱን ንጹህ ውሃ አጠጣሁ። በአራተኛው ሳምንት ስነቅላቸው ስኳር የጠጡት ጫፋቸው ጠቁሮ ይዝለገለጋል፣ አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ተነጥፏል፣ ጉንዳን ወሮታል። ንጹህ ውሃ ከጠጡት አራቱ ግን ክር የመሰለ ነጭ ሥር አውጥተው ነበር።

ስኳር ለሥር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ያለ ስኳር ሥር የሚባል ነገር የለም። ግን ስኳሩን የሚሠራው ቅጠሉ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ይሠራውና በቅርፊቱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ወደታች ይልከዋል፣ ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ሥር እንዲወጣ ያዛል፣ ስኳሩ ደግሞ ስንቅ ይሆናል። ስለዚህ ቅርንጫፉን ሙልጭ አድርጎ መላጨት ስንቁን መንጠቅ ነው። አፈር ላይ የፈሰሰ ስኳርን ደግሞ ቀድመው የሚያገኙት ሻጋታና ባክቴሪያ ናቸው። ተባዝተው የአፈሩን ናይትሮጅንና አየር ይሻሙታል።

ስኳር በቀጥታ የሚሰጠው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በጠርሙስ ለሚያድግ ቡቃያ ነው። ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት፣ እስከዛሬም በሚሠራበት የቡቃያ ምግብ ቀመር፣ ለ1 ሊትር 30 ግራም ስኳር ይገባል። እዚያ ግን ጠርሙሱም ምግቡም ከጀርም የጸዳ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለች ቡቃያም በራሷ ቅጠል በቂ ስኳር መሥራት አትችልም። ከዕፅዋት የሴል ግድግዳ የሚወጡ አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች ለተክሉ የእድገት መልእክት አስተላላፊ እንደሚሆኑም ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ያ ግን ከሱቅ ከምንገዛው ስኳር ጋር አይገናኝም።

ተክል ለአፈር ስኳር መስጠት ሲፈልግ ራሱ ያውቅበታል። ባቄላ በደንብ ሲያብብ አንድ እግር ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ያለችውን እብጠት በጥፍራችሁ ሰንጥቋት፤ ውስጧ ሮዝ ነው። ባቄላው እዚያ ላሉት ባክቴሪያዎች ስኳር ያበላል፣ እነሱ ናይትሮጅን ይከፍሉታል። እኔ ይህንን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል።

እባካችሁ የግብርና አምዳችሁ ላይ ባለሙያ ጠይቃችሁ፣ ሐምሌ ሳይገባ፣ ቅርንጫፍ እንዴት ተቆርጦ እንደሚተከልና ስንት ቅጠል እንደሚተውለት በፎቶ አስደግፋችሁ አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቢሾፍቱ