የባዮጋዝ ጉድጓድ ከተቆፈረ ጋዙ መንደድ አለበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከደሴ ብዙም በማይርቀው በኩታበር፣ በአክስቴ ግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያመርት አንድ የባዮጋዝ ጉድጓድ ነው። ምድጃው መንደድ ካቆመ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ወደ ማድ ቤቱ የሚሄደው ቱቦ ዝቅ ባለበት ቦታ ውኃ አቁሮ ጋዙን ዘግቶታል፣ መጋጠሚያውም ላልቷል። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ሰዎች ከዚያ ወዲህ ተመልሰው አላዩትም። አክስቴ ግን ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ለጓሮ ጎመናቸውና ለጌሿቸው ስለሚጠቅም እበት በውኃ እየበጠበጡ መጨመራቸውን አልተዉም። ስለ ጋዙ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እሱስ ቢቀርብን ምን ይጎዳናል?» አሉኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን እኛ የኬሚስትሪ መምህራን ስለ አልኬኖች ስናስተምር በምንዘለው ቦታ ላይ ነው። አልኬኖች ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠሩ፣ አተሞቻቸው በነጠላ ቦንድ የተያያዙ ውህዶች ሲሆኑ ትንሹ ሚቴን ነው፤ በከተማ በሲሊንደር የምንገዛው ቡታጋዝም የዚሁ ወገን የሆኑት የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው። ተማሪዎቻችን ሚቴን በቤተ ሙከራ ሶዲየም አሲቴትን ከሶዳ ላይም ጋር በማሞቅ እንደሚገኝ በቃላቸው ይወጡታል። አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ደቂቅ ሕዋሳት እበቱን እያፈራረሱ ይህንኑ ጋዝ ሌት ተቀን እንደሚያመርቱና ከባዮጋዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሚቴን እንደሆነ ግን አንነግራቸውም፤ እኔም ለዓመታት ያስተማርሁት እንደዚያው ነበር።

አልኬኖች ከአሲድም ሆነ ከቤዝ ጋር በቀላሉ አጸግብሮት (ኬሚካዊ ለውጥ) የማያካሂዱ ጭምት ውህዶች ናቸው። ይህ ጠባያቸው ለሲሊንደር ቢያመችም ለከባቢ አየር ግን አይበጅም፤ ሳይነድ ያመለጠ ሚቴን በአየር ውስጥ ቀስ ብሎ እስኪፈርስ 12 ዓመት ያህል ይቆያል። አንድ ኪሎ ግራም ሚቴን በደንብ ሲነድ ውኃና 2.75 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ያም ካርቦን ላሟ ከበላችው ሣር፣ ሣሩም በቅርቡ ከአየር የወሰደው ነው። ያው አንድ ኪሎ ሳይነድ ካመለጠ ግን በ100 ዓመት ሲታሰብ 28 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ሙቀት ያመጣል፣ በ20 ዓመት ሲታሰብ ደግሞ ከ80 ኪሎ በላይ የሆነውን። የአክስቴ ጉድጓድ ጋዙን የሚጠቀም ስለታጣ ማምረቱን አያቆምም፤ ግፊቱ ሲበዛ ጋዙ በእበት መግቢያውና በዝቃጭ መውጫው በኩል እየተንተከተከ ይወጣል።

በወሎ ገጠር እንደለመድነው ፀሐይ ላይ ተጠፍጥፎ የደረቀ ኩበት፣ ጭሱ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ቢጎዳም፣ ማሳውንም ከማዳበሪያው ቢነፍገውም፣ ሲደርቅ አየር ስለሚያገኝ ብዙ ሚቴን አያመነጭም። ጋዙን የፈጠረው ጉድጓዱ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ አስቆፍሮ ምድጃውን መተው በሚቴን ረገድ ጨርሶ ካለመቆፈር የባሰ ይሆናል፤ ይህን ለገበሬው አስቀድሞ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ጥገናው ከባድ አልነበረም። በር ከፍተን፣ እሳት አርቀን፣ የቱቦውን ዝቅተኛ ቦታ ፈትተን ውኃውን አፈሰስን፤ ማፍሰሻ ቧንቧም አበጀንለት። ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል ብልጭታ ብቻ ያፈነዳዋልና፣ መጋጠሚያውን የፈተሽነው ክብሪት በመጫር ሳይሆን የሳሙና አረፋ በመቀባት ነው። ነበልባሉ መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ የጀበናውን ቂጥ ሲያጠለሽ የአየር ማስገቢያውን ከፈት አደረግነው፣ ያኔ ሰማያዊ ሆነ። ጥላሸቱ ጋዙ ኦክስጅን እንዳጠረው የሚያሳይ ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለ እሳት የከሰል ጭስ ሰው የሚገድልበትን ካርቦን ሞኖክሳይድንም ያወጣልና በተዘጋ ቤት ሊታለፍ አይገባም።

አንድ ችግር አሁንም አለ። ምድጃው ለወጥና ለቡና እንጂ ለሰፊው የእንጀራ ምጣድ አይበቃም፤ አክስቴም ለእንጀራ ወደ ኩበቱ መመለሳቸው አልቀረም፣ የተረፈውም ጋዝ ይጠራቀማል። ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ አካላት ለምጣድ የሚሆን ምድጃ አብረው እንዲያቀርቡና በየቀበሌው ቱቦ መጠገን የሚችል አንድ ሰው እንዲያሠለጥኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር
ከደሴ