ውሻ ለማሳደግ ላሰባችሁ አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለጥበቃም ሆነ ለጓደኝነት ውሻ ለማሳደግ ያሰባችሁ ሁሉ፣ «የፈረንጅ ዘር» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት፣ በየሥጋ ቤቱ ጓሮ ያለ ባለቤት የሚንከራተቱትን እንድታስቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአገራችን ውሻ የደጋውን ብርድ የለመደ፣ ቤተሰቡን ከእንግዳ ለይቶ የሚያውቅ ነው።

ባለፈው ክረምት ከቱቦ ሥር ያነሣኋት ዳለቻ ቡችላ ጆሮዋ በመዥገር ተሸፍኖ፣ የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋ ሥር አልወጣም ብላ ቆይታ፣ በሦስተኛው ቀን በወተት የራሰ እንጀራ ከመዳፌ ላይ በላች፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። ዛሬ ማታ ማታ በራችንን የምትጠብቀው እርሷ ናት።

ይሁን እንጂ ርኅራኄ ጥንቃቄን አይተካም። ከመንገድ የተነሣ ውሻ አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም ሊታይ፣ የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊሰጠው፣ ዕድሜው 3 ወር ከሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊወስድና ክትባቱም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ሊደገምለት ይገባል፤ እስኪላመድም ድረስ ከሕፃናት ጋር ብቻውን አይተው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ለማለት ስለሚያስደፍር፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ቡችላ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆናችሁ አባላት በሚቀጥለው ስብሰባ ስማችሁን እንድታስመዘግቡ አሳስባለሁ።