ከልደቷ በፊት ይድረስሽ

ሪያድ፣ ግንቦት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣
ጅማ

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ፖስታ የምታደርስልሽ የቆጪ ሰፈር ልጅ ዛሬ ማታ ሻንጣዋን ስለምትዘጋ ሰላምታውን አላበዛም፤ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ እንደጠራሁ ቁጠሪልኝ።

መልእክትሽን አንብቤዋለሁ። ለልጄ ለሚጡ ልደት የካርቱኑ አይጥ የጄሪ ሥዕል ያለበት ኬክ 5,500 ብር እንዳሉሽ፣ አዳራሹም ለብቻው እንደሚከፈል ነግረሽኛል። የላክሁት 6,000 ብር እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ደመወዜ ትንሽ ስለዘገየ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም፤ እማዬ ብትጠይቅሽም ይህንኑ ንገሪያት። ነገር ግን ገንዘቡ ቢኖረኝም አዳራሹን አልስማማበትም ነበር። ሁለት ዓመት ለሚሞላት ልጅ አዳራሽ ምን ያደርግላታል? የማታውቀው ሰው ሲከባት አልቅሳ ትተኛለች፣ ድግሱም የእንግዳው ይሆናል። እቤት ውስጥ በእጃችን እናዘጋጅላት። በእጃችን ስል በእጅሽ ማለቴ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ስለዚህ እኔ ከዚህ ሆኜ ልሠራው የምችለውን ሠርቼ ልኬልሻለሁ።

ሰኔ 12 ዘንድሮ ዓርብ ይውላል። እኔም ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ የራሴ ስለምሆን፣ የሪያድና የጅማ ሰዓትም አንድ ስለሆነ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። በሰኔ ዝናብ መብራት እንዴት እንደሚሆን ለአንቺ አይነገርም፤ ስልኩን ሐሙስ ማታ ቻርጅ አድርጊው። ግቢው ውስጥ ሸራ ለመወጠርም አትድከሙ። ሳሎኑን አስለቅቃችሁ በርጩማዎቹን ዙሪያውን ደርድሩ፤ ልጆቹም ከ8 አይብለጡ።

ዕለቱም ዓርብ ነው፣ የሰኔ ጾምም ገብቷል፤ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ኬክ ቢገዛ እማዬም አንቺም ሳትቀምሱት ይቀር ነበር። ስለዚህ ድፎ ዳቦ ይጋገር፤ ዳቦው ግን ቺዝ መስሎ ይጋገር። ጄሪ የሚሰርቀው የእኛን አይብ አይደለም፤ ያንን ቢጫውን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የፈረንጅ ቺዝ ነው። ለ2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ እርድ በውኃው በጥብጠሽ አቡኪው፤ መልኩ ወለል ያለ ቢጫ ይሆናል፣ ጣዕሙም አይጎዳም። ሐሙስ ማታ ተቦክቶ ዓርብ ጠዋት በኮባ ቅጠል ይጋገር። በደንብ ሲቀዘቅዝ የአረቄ መለኪያውን አፍ በላዩ ላይ ጫን፣ ዞር እያደረግሽ፣ ትልልቁንም በስኒ አፍ፣ ጥልቀት የሌላቸው ክቦች አውጪበት፤ የሚወጣውን ሥጋውን ልጆቹ ከበው ይጨርሱታል። እማዬ ሊጡን ትመልከት፣ ባርካ ትቁረስ፤ ምጣዱ ላይ ግን እንዳታጎነብስ። ጉልበቷ እየባሰ መሆኑን በፎቶው ላይ ከአቀማመጧ ዐይቻለሁ፤ ፍሙን የምታነሺው አንቺ ነሽ። «በእኛ ጊዜ ልደቱ የሚከበረው የጌታ ብቻ ነበር» እንደምትልሽ አውቃለሁ። ይህ የድመትና የአይጥ ነገር የዛሬ ልጆች ፈሊጥ ነው ብላ እንዳትንቀውም፣ ቶምና ጄሪ በፈረንጆች 1940 እንደተጀመሩ፣ ማለትም እሷ ራሷ ሳትወለድ እንደነበሩ ንገሪያት።

በፖስታው ውስጥ ሦስት ቅዶች ታገኛለሽ፦ አንዱ የቶም ራስ፣ አንዱ የጄሪ፣ ሦስተኛው የሚጡ ዘውድ ነው። ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ለምነሽ በእነዚህ ልክ ቁረጪ። ጄሪ ቡናማ ስለሆነ ቀለም መግዛት አያስፈልግሽም፤ ከጀበናው ሥር የሚቀረውን አተላ በጨርቅ እየነከርሽ ቀቢው፤ በጅማ ቡና የተቀባ ጄሪ በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላስብም። የጆሮውን ውስጥ በቀይ ሥር ጭማቂ፣ ቶምን ደግሞ በተፈጨ ከሰል በጣትሽ እያሸሽ አድርጊው። ሚጡ ፊቱ የተሸፈነ ሰው ስለምትፈራ ሁሉም ከግንባር በላይ የሚደረጉ ናቸው እንጂ ዐይን አይሸፍኑም። መስመሩ የተንቀጠቀጠው ቀኝ እጄን ትኩስ ዘይት ትንሽ ነክቶኝ ስለነበረ ነው፤ አሁን ድኗል፣ ለእማዬ አይነገር።

ፈንዲሻና ኦቾሎኒ ለትልልቆቹ ብቻ ይሁን። እንደ ሚጡ ላሉት ሙዝና የተፈጨ አቮካዶ ይበቃል፤ ፈንዲሻውና ኦቾሎኒው በዚህ ዕድሜ ጉሮሯቸው ላይ ሊቀር ይችላል። ፊኛ ሲፈነዳም ቁራጩን ወዲያው ልቀሚ፤ አንስተው አፋቸው ይከቱታል።

ለምን ሁለት ወር ሙሉ እንዳልደወልሁ ጠይቀሽኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬሽ ነበር። ሥራው እውነትም በዝቷል፣ አሁንም ለዓረፋ እንግዳ እየጎረፈ ነው፤ ነገር ግን በሁለት ወር ውስጥ አሥር ደቂቃ አላጣም። በመጋቢት መጨረሻ በቪዲዮ ስደውል ሚጡ ስልኩን ከእጅሽ ተቀብላ ፊቴን በጣቷ ገፋ፣ ገፋ አድርጋ «ጄሪ» ማለቷ ትዝ ይልሻል? አንቺ ሳቅሽ፤ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ለእሷ እኔና ጄሪ ከአንድ ስልክ የምንወጣ ነን፤ እሱ ይሮጣል፣ እኔ አፍጥጬ አለቅሳለሁ፤ ማንን እንደምትመርጥ አልፈርድባትም። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ካርቱኗን የማቋርጥባት እየመሰለኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ተፎካካሪዬን በገዛ እጄ ቆርጬ የላክሁትም ስለዚህ ነው፤ ቢያንስ አንድ ቀን እኔ የነካሁትን ራሷ ላይ ታድርግ።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው መምጣታቸውን፣ አንቺም «ትንሽ ይቆየን» ማለትሽን የሰማሁት ከእማዬ ነው። ምክንያቱ ልጄ ከሆነች ቀድመሽ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር፤ ቆዪልኝ ብዬ አላውቅም። ይህን ስጽፍ ደግሞ የዘጠኝ ወር ሕፃን ትቼልሽ ስወጣ አንቺ ምን እንዳልሽ ትዝ ይለኛል፤ ምንም አላልሽም፤ አዝለሻት እስከ መናኸሪያው ሸኘሽኝ። ውሌ በመጋቢት 2019 ያልቃል። ሠርጉን ለዳግማዊ ትንሣኤ ቁረጡት፣ ለሽማግሌዎቹም ቀኑን ንገሯቸው። ለቀሚስሽ የሚሆን ጨርቅ በትንሽ በትንሹ እየያዝሁ ነው። እኔ ባልደርስ እንኳ ቀኑን አታንሺው፤ እደርሳለሁ ግን።

የቀረው የዘውዱ ነገር ነው። የሚጡን ራስ ልክ አላውቀውም። የዚህ ቤት ትንሹ ልጅ በዕድሜ ስለሚቀርባት፣ ባለፈው ሳምንት ሲተኛ ራሱን በክር ለክቼ 48 ሳንቲ ሜትር ሆነልኝ፤ ዘውዷን የቆረጥሁት በእሱ ነው። ሊጠባት ወይም ሊሰፋት ይችላል። ስለዚህ ከመለጠፍሽ በፊት አንቺም እንደዚሁ እንቅልፍ ሲወስዳት ጠብቀሽ፣ ከቅንድቧ በላይ በጆሮዎቿ አናት አዙረሽ በክር ለኪያት፣ የገጠመበትም ላይ ቋጥሪው። ዘውዱን ካስተካከልሽ በኋላ ክሩን አትጣይው፤ ወደዚህ ከሚመጣ ሰው ጋር አጣጥፈሽ ላኪልኝ።

እህትሽ